ወናጎ ሰጠች

ፀጋ የቡና ናሙናውን ከረጢት ዲላ መናኸሪያ አጥር ሥር ለኸድሩ አቀበለችው። ፍላሽ ዲስኩ ከፍሬው መሃል ተቀብሯል።

«ስልክሽን» አላት ኸድሩ።

ሰጠችው። ሲሙን አውጥቶ ለሁለት ሰበረው።

«አሁን ማንም አያገኝሽም። ነጭ መኪና ይመጣል። ‹ወናጎ ልካኝ ነው› የሚልሽን ሰው ተከተይ። ማታ ሐዋሳ፣ ልጅሽ ጋ ነሽ።»

«ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ። አንተን ባላምን ኖሮ መች እደፍር ነበር?»

ኸድሩ የውሸት ስሙ ነው። ቡና ነጋዴ መስሎ ዲላ ሁለት ዓመት ከርሟል። ፀጋ በጸሐፊነት የምትሠራበት ቡና ላኪ ድርጅት የባዕድ መንግሥት የስለላ ሽፋን ነው፤ የሰላዮቹን ዝርዝር በፍላሽ እንድታወጣለት ያግባባት እሱ ነው። ሌላው ዓለም መንግሥትን በዋና ከተማው ስም ይጠራል። እነ ኸድሩ ስልክ ላይ ያንን ስለማይደፍሩ በአካባቢው የቡና ከተሞች ስም የላካቸውን መንግሥት ወናጎ፣ ባላንጣውን፣ የድርጅቱን ባለቤት፣ ጨለለቅቱ አሉት። ቡና ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ወናጎ፣ ጨለለቅቱ ቢል ማን ይጠረጥረዋል?

መንገዱን ተሻግሮ ለአለቃው ለግዛቸው ደወለ።

«ዕቃው እጄ ገብቷል።»

«ጎበዝ። በል በደቡብ በኩል ውጣ። ወናጎና ጨለለቅቱ ዛሬ ጠዋት ታርቀዋል።»

«ታዲያ ዝርዝሩ ምን ያደርጋል?»

«የታረቁትንም ማወቅ አይከፋም።»

«ሴትዮዋስ?»



«ጨለለቅቱ እሷን ጠየቀች። ወናጎ ሰጠች።»

«ወናጎ ማን ነው? የሰው ስም ንገረኝ፣ ጋሽ ግዛቸው!»

«ወናጎ ነቻ! እኔስ ከዚያ በላይ መቼ አውቃለሁ?»

ሊደውልላት ቁጥሯን ፈለገ። የሰበረው ሲም ትዝ አለው።

ሮጠ።

ነጩ መኪና ደርሷል። ሾፌሩ አንድ ነገር አላት፤ ፀጋ ራሷን ነቀነቀች። ከመግባቷ በፊት ዞር ስትል ኸድሩን አየችው። ሊሸኛት የሮጠ መስሏት ፈገግ አለች።

ሳይደርስባት በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ሄደ።

ኸድሩ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ከረጢቱ ጭኑ ላይ ነው። አንገቱን የሚያንቀው ሰው አማረው። ግዛቸው ታዛዥ ነው። ሾፌሩም ታዛዥ ነው። እሱ ራሱስ? ራሱን ጠላ።

«ወናጎ ወራጅ!» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

ሚኒባሱ ቆመ። ኸድሩ የቆጮ ጥቅላቸውን አወረደላቸው።

«ጌታ ይባርክህ፣ ልጄ። ማን ልበል?»

«ዘነበ» አላቸው። አዲሱ ስሙ ነው።

እናትየዋ ባጃጅ ጠርተው ሄዱ። ጠዋት በከተማቸው ስም ምን እንደተወሰነ አልሰሙም።