ከውስጥ ሲያንኳኩ

ከሳተርን ቀለበት የሚመለሱ መርከቦች መናኸሪያው ሲደርሱ መጀመሪያ የሚገቡት ላቫጆ ነው። ሰው ሳይወርድ፣ ጭነት ሳይራገፍ ይታጠባሉ። ቀለበቱ ውስጥ የሰነበተ መርከብ በረዶና ሸክላ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ያ ልባስ ቢበተን የመናኸሪያውን የአየር ማጣሪያ በአንድ ፈረቃ ይደፍነዋል። መናኸሪያው ከምድር በላይ እንደ ጎማ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱም ለሰውና ለውሃ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ ውሃው እንደ ምድር ውሃ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ጠብታ አይባክንም።

የላቫጆው መሐንዲስ ምንታምር ያን ቀን ጠዋት ኖዝሎቿን ከኮምጣጤ ውስጥ እያወጣች ነበር። ኖዝል የውሃው መውጫ አፍ ነው፤ ከሰንፔር የተፈለፈለ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ቀዳዳው መርፌ ብቻ የሚያሾልክ። ፓምፑ ቤት ያክላል፤ የዚያ ሁሉ ጉልበት ዕጣ ግን የሚወሰነው በዚህች ቀዳዳ ነው። ለፓምፑ ከጠበበች ፓምፑ ይታነቃል፤ ከሰፋች ውሃው ይለግማል። ምንታምርን ብዙ ነገር አይገርማትም፤ ይህ ግን ስንት ዓመት ሠርታበትም ይገርማታል። እያንዳንዷን ወደ መብራቱ አንሥታ በቀዳዳዋ ታያለች። ጨው የቋጠረችውን በቀጭን መርፌ ጠርጋ ከኋላ ውሃ ትነፋባታለች። ጠርዟ የተበላውን ያለ ሐዘን ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች።

"እንዴ! ያቺ ደህና አልነበረችም?" አለች እትዬ በለጡ፤ የፈረቃው አለቃ፣ ጉልቤ የተባለው ማጠቢያ ማሽን ከመምጣቱ በፊት መርከብ በእጇ ታጥብ የነበረች ሴት።

"አፏ ሰፍቷል።"

"የኔስ መች ጠበበ? እኔንም ልትጥዪኝ ነው?"

"የእርስዎ ግፊት ገና አልወረደም፤ ይቆያሉ።"

የጸዱት ኖዝሎች መደርደሪያው ላይ በየቀለማቸው ተሰለፉ። ቀይዋ ውሃውን እንደ ወስፌ ቀጥ አድርጋ ትሰዳለች፤ ብረት ትበሳለች። ቢጫዋ ጥቂት ትከፍተዋለች፤ የደረቀውን ትፍቃለች። አረንጓዴዋ የዘወትር ናት። ነጯ እንደ ማራገቢያ ትዘረጋዋለች፤ መስታወት የሚታጠበው በእሷ ነው። አጣቢዎቹ መደርደሪያውን "ባንዲራው" ይሉታል። "ነጯስ?" ብሎ የሚጠይቅ አዲስ ሠራተኛ ከመጣ "እሷ እንግዳ ናት" ይባላል።

ጉልቤ የሚሉት ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የማሽን ክንድ ነው። ኖዝሉን ራሱ ይመርጣል፣ ርቀቱን ራሱ ይለካል፣ ውሃው ሄዶ የሚነካውን ነገር ንዝረት በውሃው በኩል መልሶ ይሰማል። ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ የሚል ደንብ አልተሰጠውም። የአጣቢዎችን እጅ ዓመታት ሙሉ እያየ ነው የተማረው፤ ከሁሉም ይበልጥ የእትዬ በለጡን።

ረፋዱ ላይ "ርግብ" የተባለችው መርከብ ተጎትታ ስትገባ ሁለቱም ወሬያቸውን አቆሙ። መርከብ አትመስልም፤ በእሳት የተጠበሰ ቋጥኝ እንጂ። በመንገዷ ላይ በፈነዳ የበረዶ ጭቃ መሐል አልፋለች። ቅርፊቱ በሩንና መስኮቱን ሸፍኖታል፤ የሬዲዮ አንቴናውን ቀብሮታል። የከፋው ደግሞ መርከቧ ሙቀቷን የምታስወጣባቸውን ክንፎች መድፈኑ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሞተሩ ሙቀት ግን መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው። ውስጥ አራት ሰዎች አሉ።

ምንታምር በሙቀት መነጽሯ አየች። የመርከቧ ሆድ ቀልቷል።

"እየተቀቀሉ ነው" አለች። "ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ በሩ ካልተከፈተ አናገኛቸውም።"

የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልዑልሰገድ በድምፅ ማጉያ ጮኸ። "ቀይዋን ስጡት! በሩን ቆርጦ ያውጣቸው!"

"የመርከቧ ቆዳ ሳስቷል፤ ቀይዋ በሩን ቆርጣ አትቆምም። ከበሩ ኋላ የቆመውንም ሰው ትቆርጣለች" አለች ምንታምር።

"ታዲያ ነጯን!"

"ነጯ እስክታረጥበው ቀብር እንደርሳለን።"

እነሱ ሲከራከሩ ጉልቤ ቢጫዋን አንሥቶ ነበር። ከመርከቧ ክንድ ያህል ራቀ፤ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ። ቅርፊቱን ፊት ለፊት አልመታውም። ጠርዙን ፈልጎ ውሃውን በሥሩ አስገባና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከዳር ይፈለቅቀው ጀመር። ምንታምር የምታስተምረው ይህንኑ ነው፤ አየችው እንጂ ምንም አልጨመረችም። ሰሌዳ ሰሌዳ የሚያህል ሸክላ ወለሉ ላይ ተከመረ።

"እጄን አየሽው?" አለች እትዬ በለጡ። "የኔ እጅ ነው!"

ወዲያው ጉልቤ ውሃውን ዘጋ። ወደ ጣሪያው ተመለሰ። ጥቂት ቆየ፤ ርቀቱን እንደገና ለካ፤ እንደገና ጀመረ። ሁለት ሰሌዳ ሳይፈለቅቅ ዳግም ዘግቶ ተመለሰ።

ምንታምር መጀመሪያ የጠረጠረችው ኖዝሏን ነው። አሸዋ ገብቶባት ከሆነ ግፊቱ ይዘላል፤ ጉልቤም ፓምፑን ለማዳን ያቆማል። ቢጫዋን ነቅላ ወደ መብራቱ አነሣቻት። ንጹሕ። ሌላ ቢጫ ሰጠችው፤ ያው ሆነ። ፓምፑ አየር ስቦ ይሆን? አየር ቢስብ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። የግፊት መለኪያው ቀስት ጉልቤ እስከሚዘጋበት ቅጽበት ድረስ ፀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ውሃው ጤነኛ ነው።

ወደ መርከቧ ሮጣ እጇን በተገለጠው ቆዳ ላይ አሳረፈች። ያቃጥላል። ደግሞም ይመታል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

"እያንኳኩ ነው!" አለች። "እነሱ ባንኳኩ ቁጥር ነው የሚያቆመው!"

እትዬ በለጡ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይኔ በለጡ! እኔው ነኝ ያስተማርኩት።"

በላቫጆ የአጣቢ የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ነው፤ ከውስጥ ሰው ካንኳኳ ውሃህን አንሣ። ያንኳኳው ሰው በር ሊከፍት ይሆናል፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ውሃ ደግሞ ዓይን ያፈሳል፣ ቆዳ ይገፋል። ሬዲዮው ሁልጊዜ ስለሚሠራ ለዓመታት ያንኳኳ አልነበረም፤ ጉልቤም ይህን ማወቁን ያወቀ አልነበረም። አሁን ውስጥ ያሉት ሰዎች "አድኑን" ባሉ ቁጥር የሚያድናቸውን እያስቆሙት ነው።

"አጥፉለት!" አለ አቶ ልዑልሰገድ።

"ጠባዩ ነው፤ ቁልፍ የለውም። ለማስረሳት ቀናት ይፈጃል" አለችው ምንታምር።

"በቃ ዝም በሉ እንበላቸው!" ብላ እትዬ በለጡ ከባድ መፍቻ አንሥታ የመርከቧን ሆድ ሁለት ጊዜ ደበደበች። ውስጥ ያሉት ሰሙ። መልስ በማግኘታቸው እንደተደሰቱ ያስታውቃል፤ አራቱም ባንድነት ሠርግ ቤት የገቡ ይመስል ይደበድቡ ጀመር። ጉልቤ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

"ተባባሱ!" አለች እትዬ በለጡ።

"መፍቻውን ያስቀምጡት፣ እትዬ በለጡ። በእጅ ነው የማጥበው።"

የድሮው የውሃ ሽጉጥ ግድግዳው ላይ ነበር። ምንታምር ቢጫዋን ገጠመችበት፣ ጎትታ መያዟን አረጋገጠች፣ ምላጩን ሳበች። ግፊቱ ወደ ኋላ ሲያስፈነጥራት እትዬ በለጡ ከኋላ ወገቧን ታቅፋ ቆመች። ሁለቱ እንደ አንድ ሰው ሆነው የጉልቤን ሥራ ቀጠሉ፤ ጎን አዘንብሎ፣ ክንድ ያህል ርቆ፣ ከጠርዙ ሥር።

ዱብ፣ ዱብ። ንዝረቱ በውሃው ተመልሶ መዳፏ ውስጥ ገባ። ጣቷ ምላጩን ለቀቀ።

ተናደደች። እንደገና ሳበች። ዱብ። ጣቷ ለቀቀ። ለምን እንደሚያንኳኩ ታውቃለች፤ መቆም እንደሌለባትም ታውቃለች፤ ጣቷ ግን አላማከራትም። መሳሪያውን ስትወቅስ ቆይታ እሷም ያው መሳሪያ ሆና ተገኘች።

"እጅሽን አትመኚው" አለች እትዬ በለጡ። ሻሿን ከራሷ ፈታ ምላጩን ከእጀታው ጋር ጠፍራ አሰረችው። የሽጉጥ ምላጭ ማሰር በላቫጆ የሚያስባርር ጥፋት ነው። "አሁን ቢለምኑሽም አይቆምም። እጠቢ!"

አጠበች። ዱብታው መዳፏን መታው፤ ውሃው ቀጠለ። ዱብታው በረታ፤ ፈጠነ፤ ውሃው ቀጠለ። ከዚያ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ፤ ቆመም። ምንታምር ጥርሷን ነክሳ የበሩን ዙሪያ ፈለቀቀች። ማጠፊያው ሲገለጥ እትዬ በለጡ ሻሹን በጠሰችው፤ ሁለቱም በሩ ላይ ተንጠለጠሉ፤ በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። የወጣው አየር የዳቦ መጋገሪያ አየር ነበር።

አራቱም በሕይወት ነበሩ። የመጨረሻው የወጣው ካፒቴን ደርብ ነው፤ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ የወረደለትን ውሃ ሁሉ ከጠጣ በኋላ ተናገረ።

"ያጠበው ማን ነው?"

"እኔ" አለች ምንታምር። "ማንኳኳታችሁ ነበር ያስቸገረን። ባታንኳኩ ኖሮ ቀደም ብላችሁ ትወጡ ነበር።"

"እሱንማ ደርሰንበት ነበር።"

"ምን?"

"ስናንኳኳ ውሃው እንደሚቆም አውቀን ነበር። ሬዲዮ የለ፣ መስኮት የለ፣ ጨለማ ነው። የምንሰማው ድምፅ ውሃ ይሁን አሸዋ በምን እናውቃለን? መናኸሪያ ገብተናል ወይስ ገና እዚያው ነን? አንኳኳን፤ ቆመ። አሃ፣ ሰው አለ አልን። ጥቂት ቆይተን ተጠራጠርን። ደግመን አንኳኳን፤ ቆመ።" ሳቅ ሞከረው፤ አልወጣለትም። "ሙቀቱን ችለነው ነበር። የጨነቀን በኋላ ነው፤ ስናንኳኳ መቆሙን ሲተው። ከመካከላችን አንዱ፣ በቃ ማንም የለም፣ አሸዋ ነው፣ ቅድም ሁለቴ የመታንም ድንጋይ ነበር አለ። ሁላችንም ቁጭ አልን።"

ምንታምር መዳፏ ውስጥ ዱብታው የሳሳበትን ቅጽበት አስታወሰች፤ እሷ ያን ጊዜ እፎይ ብላ ነበር።

አቶ ልዑልሰገድ ጉልቤ ያን ጠባይ እንዲረሳ አዘዘ። ምንታምር "አይሆንም" አለችው። ምክንያት ሲጠይቃት የደህንነት ደንብ ጠቀሰችለት፤ ውሸትም አልነበረም። ቀናት ፈጀባት፤ ከእትዬ በለጡ ጋር ሆና ጉልቤን ከመጀመሪያው አስተማረችው። በር ሲከፈት እንደ ወትሮው ያቆማል። ሲንኳኳ ግን አይቆምም፤ ማጠቡን ሳያቋርጥ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ በውሃው ሁለት ጊዜ መትቶ ይመልሳል። እትዬ በለጡ በእጇ እያሳየችው ይህን ለመያዝ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በቃው። ምንታምር እንዲህ ያለ ተማሪ ዩኒቨርሲቲም አላየችም።

የቀረው መሞከር ነበር። ርግብ አሁንም እዚያው ቆማለች፤ ካፒቴን ደርብ ግን ወደ ውስጥ አልመለስም አለ፤ ማንም አላስገደደው። ምንታምር ራሷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ መብራቱን አጠፋች። ጨለማው የጠበቀችውን ያህል አልነበረም፤ ይበልጥ ነበር። ውጭ ውሃው ጀመረ። እውነትም፣ ከዚህ ሲሰሙት አሸዋ ይመስላል።

አንኳኳች።

ጥቂት አፍታ ምንም አልነበረም። ከዚያ፣ የውሃው ድምፅ ሳይቋረጥ፣ ከማዶ ሁለት ጊዜ ተመታ።

ሠርቷል። ሙከራው አልቋል፤ በሩን ከፍታ መውጣት ነበረባት።

ደግማ አንኳኳች።