የኮሶዬ ዳገት ሻምፒዮን

ክንዱ የሞተው ጎንደር ልታጨበጭብለት ወንበር እየደረደረች ሳለ ነው። እሑድ የአንገረብ ዱቄት ፋብሪካ በዓል ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ወፍጮ ሠራተኞቹ በገዛ እጃቸው ጠግነው ያስነሡበት ቀን ሊታሰብ፣ ፋብሪካው ያፈራቸው የብስክሌት ሻምፒዮኖችም በየስማቸው እየተጠሩ ሜዳሊያ ሊያጠልቁ ተቀጥሯል። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ክንዱ ነበር፤ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ወጥቶ በመመለስ እሱን የሚቀድም ከታየ ቆይቷል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ግን አንድ የካሚዮን ሾፌር እየበረረ መጥቶ፣ ኮሶዬ ጠመዝማዛው ሥር ገደል ውስጥ ሰው ወድቋል አለ።

ሻምበል ወልደኢየሱስ ቦታው ሲደርስ ነፋሱ ባርኔጣ ያስጥላል። ሻምበሉ ጭልጋ የተወለደ ከሲታ የፖሊስ መርማሪ ነው። አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም፤ ሲያስብ ይራመዳል፣ ሲራመድም አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያደክማል። ገደሉ ውስጥ ወርዶ አስከሬኑን ዞረው። ክንዱ በደረቱ ተደፍቷል። ራስ ቅሉ ከበስተኋላ ተሰንጥቋል፤ መዳፎቹ ግን ጭረት እንኳ የላቸውም። ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል፤ የፊት ጎማው ተጣሟል፣ የፍሬኑ ሽቦ ተበጥሷል፣ ሰንሰለቱ ከኋላ ጎማው ትልቅ ጥርስ ላይ እንዳለ ነው። ሻምበሉ ስለ ብስክሌት የሚያውቀው መንዳት አለመቻሉን ብቻ ነበርና ያየውን ሁሉ በልቡ ይዞ ወጣ።

መንገዱ ዳር የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግራዝማች አላምረው ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ዛሬ ገበያ ነውና ስንዴ ልገዛ በማኪናዬ አምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ ነበር። ክንዱም ለልምምድ ከኋላዬ ደረሰ። ውሃ አጠጣሁት። ዓይኔ እያየ ቁልቁለቱን ተያያዘው።»

«ከዚያስ እርስዎ?»

«ስንዴ ሳስመዝን ዋልሁ። ገበያተኛው ሁሉ ይመሰክራል። አሁን ስመለስ ነው ይህን ጉድ የማየው።» ወደ ገደሉ በእጃቸው አመለከቱ። «ፍሬኑ ነው የከዳው። ፋንታሁንን አርጅተሃል፣ ይብቃህ ብዬው ነበር።»

አያ ፋንታሁን የፋብሪካው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ክንዱን ብስክሌት ያስተማሩት፣ ሚስት ሲያገባም ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው። ማምሻውን ሻምበሉ ወደ ጣቢያው ሲመለስ በሩ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«እሰረኝ» አሉት።

«ምነው አያ?»

«ሽቦውን የገጠምሁለት እኔ ነኝ። ግራዝማች ስባሪውን አምጥተው አሳዩኝ። ልጄን ገደልሁት።»

«ሽቦው አሮጌ ነበር?»

«አዲስ ነው። ያረጀው እጄ ነው።»

በዚያው ሰዓት የክንዱ ሚስት ትርንጎ በለቀስተኞች ተደግፋ በመንገዱ ታልፍ ነበር። የሽቦውን ወሬ ሰምታ ነበርና ሽማግሌውን ስታይ ቆመች። «እጅህ ይቆረጥ!» አለች፤ አንቱታውንም ረሳችው። አያ ፋንታሁን አንገታቸውን ደፍተው «አሜን» አሉ።

ሻምበሉ አላሰራቸውም፤ እሳቸው ግን አልሄዱም። ጣቢያው በረንዳ ላይ ተኮራምተው እህል ውሃ አልቀምስም አሉ። ይሄ ሻምበሉን ከሞተው ሰው በላይ አስጨነቀው። የሞተውን ማስነሣት አይቻልም፤ እኒህ ግን በሕይወት እያሉ በገዛ ፈቃዳቸው ሊሞቱ ነው። ስባሪውን ሽቦ ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ ፋኖስ ሥር አገላብጦ አየው። ጫፉ አልተበጣጠሰም፤ ተጨፍልቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል።

ዓርብ ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ድንኳን ይተከላል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ በዓሉ ይሰረዝ አይሰረዝ ገና ጭቅጭቅ ነው። ከውስጥ ወፍጮው እያጓራ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ወይዘሪት ሰብለ ወንጌል የሻምፒዮኖቹን ፎቶግራፍ በግቢው በኩል ባለው የፋብሪካው ግድግዳ ላይ ትደረድራለች። ከፎቶግራፎቹ በላይ አንዲት አሮጌ ብስክሌት በብረት ሜንጦ ተሰቅላለች።

«ይቺ የማን ናት?» አለ ሻምበሉ፣ ግድግዳው ሥር ከጥግ ጥግ እየተመላለሰ።

«የግራዝማች ናት እንጂ! የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፉት እሳቸው አይደሉ? በገቡበት ቅጽበት ሕዝቡ ከእጃቸው ነጥቆ ሰቀላት ይባላል። እስከ ረቡዕ ድረስ የነካት የለም።»

«ረቡዕስ?»

«ክንዱ ለበዓሉ ልወልውላት ብሎ መሰላል ላይ ወጣ። እየዘፈነ ወጣና ዝም ብሎ ወረደ። ምን አየህ ብዬ ብጠይቀው አልመለሰልኝም። ቀጥ ብሎ ግራዝማች ቢሮ ገባ።»

«ምን ተባባሉ?»

«ይሄ ወፍጮ እየጮኸ ማን ይሰማል ብለው ነው?»

ሻምበሉ ብስክሌቷን ሽቅብ አንጋጦ አያት፤ ክንዱ ያየውን ግን ማየት አልቻለም። ቀጥሎ ያስጠራው ምትኩን ነው። ምትኩ የክንዱ ተፎካካሪ ነው፤ በየውድድሩ ሁለተኛ መግባት ሠልችቶት ባለፈው ሳምንት ከክንዱ ጋር በቡጢ ተጋጥሟል።

«ጠልተኸው ነበር?»

«ሲቀድመኝ እጠላዋለሁ» አለ ምትኩ። ዓይኑ አብጧል። «ከብስክሌት ስንወርድ ጥላቻው ይረሳኛል። አሁን ማንን ላባርር ነው?»

«እስኪ ክንዱ በሄደበት መንገድ ሂድ። እኔ በጂፕ እከተልሃለሁ።»

«አሁን?»

«አሁን!»

ዳገቱን ተያያዙት። የሻምበሉ ጂፕ እያቃሰተች ከምትኩ ኋላ ትንፏቀቃለች፤ ምትኩ ከኮርቻው ተነሥቶ በትልቁ ጥርስ ቀስ እያለ ይወጣል። አምባ ጊዮርጊስ ሲገቡ ገበያ እንኳ ያልሆነበት ቀን ነው፤ ግን ከየደጁ ሰው ወጣ። «ምትኩ! አይዞህ ምትኩ! ወንድምህን እግዜር ይማረው!» ምትኩ ወርዶ ብስክሌቱን ዛፍ አስደገፈ። ከኪሱ መፍቻ አወጣና የኋላ ጎማውን ይፈታ ጀመር።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«ኧረ ላዞረው ነው። በዚህ በኩል ትልቅ ጥርስ አለው፣ ለዳገት። በወዲያ በኩል ትንሽ ጥርስ አለው፣ ለቁልቁለት። እዚህ ሲደረስ ጎማው ይገለበጣል። ክንዱ የሚቀድመኝ እዚሁ ነበር፤ እኔ ስፈታ እሱ ያስር ነበር።»

«ቢረሳስ?»

«ብስክሌተኛ ይሄን ይረሳል? ጫማውን ይርሳ እንጂ!»

ሻምበሉ ቆመ። ቆሞም ቀረ። ምትኩ ሰውየው ታመመ ብሎ ሰጋ። ከዚያ ሻምበሉ እንደ ገና መራመድ ጀመረ፤ ከጠላ ቤት ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ስንዴ ነጋዴ፣ ያገኘውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲጠይቅ ዋለ።

ቅዳሜ ግራዝማች አላምረው ራሳቸው መጡ። «ነገ የክብር እንግዶች አሉብን። አውጫጭኝ ይቀመጥና ነገሩ ይለቅ። ሕዝቡ እንደሆነ ጥፋተኛውን ያውቀዋል» አሉ። በረንዳው ላይ የተኮራመቱትን ሽማግሌ በዓይናቸው ጠቆሙ።

«ሸጋ ሐሳብ ነው» አለ ሻምበሉ።

ፋብሪካው ግቢ ሰው ሞላ። ወፍጮው ቆሟል፤ ዝምታው ለጆሮ እንግዳ ነበር። ብስክሌተኞቹ በአንድ ወገን፣ ሠራተኞቹ በሌላው ወገን ሆኑ። ትርንጎ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። አያ ፋንታሁን ከሰው ራቅ ብለው ጆንያ ላይ ናቸው።

«ግራዝማች» አለ ሻምበሉ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ «ይህ ሁሉ ሰው እንዲሰማ ይንገሩን። ክንዱ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ምን ምን አደረገ?»

«ብስክሌቱን ዛፍ አስደገፈ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ትንሽ አረፈና ወረደ።»

«ሌላስ? ብስክሌቱን አልነካም?»

«ምን ሊያደርግ ይነካዋል? ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። ተነሣ፣ ወጣበት፣ ሄደ።»

ከብስክሌተኞቹ ወገን ጉርምርምታ ተነሣ። ምትኩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ግራዝማች ዞር ብለው አዩአቸው፤ ምን እንዳጎረመረማቸው ግን አልገባቸውም።

«ነገሩን ላስረዳ» አለ ሻምበሉ። «ዳገቱ አናት ላይ የኋላ ጎማ ይዞራል። ክንዱ ሲገኝ ጎማው አልዞረም፤ ሰንሰለቱ የዳገቱ ጥርስ ላይ ነው። ስለዚህ ክንዱ ቁልቁል እየወረደ አልሞተም። አናቱም ላይ አልደረሰም። የሞተው ሽቅብ ሲወጣ ነው። ሽቅብ በእርምጃ የሚወጣ ሰው ፍሬን ምን ይሠራለታል? ፍሬኑ ቢበጠስስ ምን ያደርገዋል?»

አያ ፋንታሁን ቀና አሉ።

«ሽቦው አልተበጠሰም፤ በፒንሳ ተቆርጧል። ክንዱም ወድቆ አልሞተም። የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ የሱ መዳፍ ግን ደህና ነው። ከኋላው ተመትቶ ነው የተጣለው። ቀጥዬ አምባ ጊዮርጊስን ጠየቅሁ። ክንዱን ሐሙስ ያየ አንድ ሰው የለም። በገበያ ቀን! ምትኩን ያለ ገበያ ከየቤቱ ወጥቶ የሚቀበል ሕዝብ ክንዱን ሳያይ ያሳልፈዋል? አየሁት የሚሉት ግራዝማች ብቻ ናቸው።»

«ምትኩ ቢሆንስ የገደለው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምትኩ ቢሆን ጎማውን አዙሮ ነበር የሚጥለው። አያ ፋንታሁንም እንዲሁ። እዚህ ካሉት ብስክሌተኞች ሁሉ ማንም ያዞረው ነበር። ገዳዩ ጎማ እንደሚዞር የማያውቅ ሰው ነው።»

«እኔ ሻምፒዮን ነኝ!» ብለው ጮኹ ግራዝማች። «ብስክሌቴ ይኸው ተሰቅላለች!»

«እሷን አውርዱልኝ።»

ምትኩ መሰላል ላይ ወጥቶ ብስክሌቷን አወረዳት። ከዝገቱ በታች ሰንሰለቱ በግልጽ ይታያል፤ ትልቁ ጥርስ ላይ ነው።

«አያ ፋንታሁንን ትናንት ጠይቄ ነበር» አለ ሻምበሉ። «በመጀመሪያው ውድድር አምባ ጊዮርጊስ ላይ የቆመ፣ አገሩ ያልገባ አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር። የደረሰውን ሁሉ ጎማ እያዞረ ይሰድድ ነበር፤ ማን ደረሰ ማን ቀረ ግን የቆጠረ የለም። የዚያን ቀን ኮሶዬ በጉም ተሸፍኗል። እርስዎ ቀድመው ጉሙ ውስጥ ገቡ፣ ተደበቁ፣ ከመንገድ ተመለሱ። አናቱን ስላላዩት እስከ ዛሬ ጎማ እንደሚዞር አላወቁም። ክንዱ ግን ረቡዕ መሰላሉ ላይ ሆኖ አወቀው።»

ግራዝማች አላምረው ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ አንቱ ልለው አልችልም። ፊቱ እንደ ዱቄቱ ነጣ።

«እሑድ መድረክ ላይ ራስዎ ይናገሩት አለኝ» አለ። «ሜዳሊያውን ለባለቤቱ ይስጡት አለ። ወደ ገበያው ስወጣ መንገድ ላይ ማኪናዬን አቁሜ ጠበቅሁት። ለመንሁት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። እምቢ አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ብስክሌቱን ያዘ። የክሪኩ ዘንግ እጄ ላይ ነበር… ሕዝቡ ሊስቅብኝ ነው፣ ሌላ አልታየኝም።»

ፖሊሶቹ አንሥተው ወሰዱት። ሻምበሉ ጆንያው ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ።

«አያ፣ ሽቦው አልከዳውም። እጅዎ ደህና ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

«ያን ጊዜ ሁለተኛ የገባው ማን ነበር?» አለ ሻምበሉ።

«እኔ» አሉ። ከዚያ ነገሩ ገባቸው። «ለኔ ብሎ ነው? ለዚህች ሜዳሊያ? ምነው ዝም ባለ! ምነው ዝም ባለ ልጄ! ሁለተኛ መሆኔን ማን ጠላው?» ከሐሙስ ጀምሮ ያላወጡት እንባ አሁን ወረደ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

ትርንጎ ከመሬት ተነሣች። ወደሳቸው ስትመጣ ሲያዩ አያ ፋንታሁን እርግማን እንደሚጠብቅ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እሷ ግን ጆንያው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ይቆረጥ ያለችውን እጅ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«አያ፣ እህል አልቀመሱም አሉ» አለች። «እኔም አልቀመስሁም። ይነሡ፣ ቤት እንሂድ።»