የፊንጣሷ አረንጓዴ የእሳት እራት

የአስም ሕመምተኛው አዛውንት ረሺድ ኩዌት፣ ፊንጣስ በሚገኘው ቤታቸው ፎቅ ላይ ሞተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ወቅቱ የኮሮና ነው፤ በየማለዳው ከመስኮት ሰላም የሚሏቸው ጎረቤት ቢያጧቸው ፖሊስ ጠሩ። በሩን ሰብሮ የገባው መርማሪ ጀማሉዲን ቤተሰቡን ከምድር ቤት አላስነቃነቀም። ከአልጋው አጠገብ፣ አዛውንቱ በሚያረቡበት የመረብ ሳጥን ውስጥ፣ አንዲት የእሳት እራት አየ። ጨርቅ ጣል አድርጎባት ይዟት ወረደ።

«የቆለፈችባቸው ሠራተኛዋ ናት፤ ኮሮና ፈርታ ነው» አለ ልጃቸው ፋሩቅ። «ቁልፉ የሚሰቀለው ወጥ ቤት ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ደጃፉን አልረገጥኩም።» መቼም ጣት መቀሰር ለጀመረ ሰው የቤት ሠራተኛ ቅርብ ናት። ሚስቱ ማዳም ያስሚን አንገቷን ደፋች።

ጀማሉዲን ሠራተኛዋን ሙሉመቤትን ከወሎዬ እናቱ በተማረው አማርኛ ጠየቃት።

«ትናንት ቁርሳቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። አልቆለፍኩም፣ ጌታዬ። ግን በኋላ እኛን የሚጠሩበት ደወል ደጋግሞ ሲጮህ ሰምቻለሁ። በሽታውን ፈርቼ አልወጣሁም። በደለኛ ነኝ፤ እሰሩኝ።»

«የደወሉን ለእግዚአብሔር ትነግሪዋለሽ። እኔ የምፈልገው የቆለፈውን ነው።»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። «ፋሩቅ፣ የአባትህን የእሳት እራት ምን እናድርጋት?»

«ያቺን ባለ አንድ ጭራ? ጣሏት።»

ጀማሉዲን ጨርቁን ገለጠ። እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ናት፤ በየክንፏ ዓይን የመሰለ ነጥብ አለ። ከኋላ ክንፎቿ ሁለት ረጃጅም ጭራዎች ሊወርዱ ሲገባ አንዱ ተጨማዶ ቀርቷል።

«አገሯ የሰሜን አሜሪካ ጫካ ነው። ኩዌት ውስጥ ሌላ አይተህ አትሳሳትም። አባትህ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ፎቶ ደግሞ ባለ ሁለት ጭራ ነው። ይህቺ ከሐር ከረጢቷ የወጣችው ትናንት ጠዋት ነው፤ ስትወጣ በካሜራቸው ቀርጸዋታል። ከዚያ ወዲህ ያልገባ ሰው ጭራዋን ከየት አወቀ?»

«ቁልፉን ሲመልስ አይቼዋለሁ» አለች ያስሚን ቀስ ብላ። «ባሌ ነው ብዬ ዋጥኩት።»

«በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ፋሩቅ። «በተከለከለው ዲዋንያ፣ በወንዶች መሰብሰቢያው፣ ከጓደኞቼ ጋር ስሰበሰብ ይዞኝ ደብቄያለሁ። ደወሉን ሰምቼ ስገባ አባቴ ትንፋሽ አጥሯቸው አምቡላንስ ጥራ አሉኝ። ቢመጣ እኔም እመረመራለሁ፣ ጉዴ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ማንም እንዳይገባ ቆለፍኩ።»

ፖሊሶቹ ፋሩቅን ይዘውት ወጡ። ሙሉመቤት ስኳር በውሃ በጥብጣ ወደ ሳጥኑ አቀረበች።

«ተዪው» አላት ጀማሉዲን። «እሷ እንኳ የምትበላበት አፍ የላትም። ጥቂት ቀን ኖራ ትሞታለች፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ሙሉመቤት ስኒውን እንደያዘች ቆመች።

«እሳቸው ግን ደወል ነበራቸው» አለች።