በበዛብህ ሸሚዝ የተጠቀለሉ ድንጋዮች

በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ መንግሥት በተለወጠ በወሩ ገደማ፣ ከምሥራቅ የመጣው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ላይ አንድ የጣውላ ሣጥን አራግፎ አለፈ፤ «ለወይዘሮ አስካለማርያም» ከሚለው በቀር አንዳች ቃል አልነበረበትም። ባለቤቷ በዛብህ በበረሃ ተራራ ማዕድን ከሚፈልጉት ቆፋሪዎች አንዱ ነበር፤ ሰፈራቸው በግርግሩ ከተበተነ ወዲህ ግን ወሬው ጠፍቶ ነበር።

ሣጥኑ ሲከፈት ድንጋይ ተገኘ፤ አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ጉበት የመሰለም አለ፤ ሁሉም በበዛብህ ሸሚዝ ቅዳጅ ተጠቅልሏል። የዕድሩ ዳኛ ባሻ ወልደገብርኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ልብስ ያለ ባለቤቱ ከመጣ መርዶ ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩስ፣ ባሻ? የሞተ ሰው ድንጋይ ይልካል እንዴ?»

«እሱን እንጃ» አሉ ባሻ፤ ሆኖም ድንኳን እንዲተከል አዘዙ።

አስካለማርያም ላልቅስ ብትል እንባው እምቢ አላት፤ ተስፋ ላድርግ ብትል ቅዳጁ ዐይኗ ላይ ድቅን አለ። ጎረቤት ደግሞ የሚጠራጠር ሐዘንተኛ አይወድምና፣ ጨርቁን ከየድንጋዩ ፈትታ እንደ ወጉ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ዝናብና ነፋስ ሲበረታ፣ ድንኳን ተካዮቹ ድንጋዮቹን እየለቀሙ በሸራው ጠርዝ ላይ ጫኗቸው።

ለቅሶው ሳይነሣ አንድ የከሳ ሰው በድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ፣ «ማን ሞተብን?» ሲል ጠየቀ። በዛብህ ነበር። ለቀስተኛው ሲተራመስ አስካለማርያም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እንባዋ የወረደው ይኼኔ ነው።

«ልብስህን ምን ብለህ ላክኸው፣ አንተ?»

«ድንጋዩ እንዳይፋጭ ነዋ! ሣጥኑን አስቀድሜ ልኬ አዋሽ ላይ ወባ ጣለኝ።» ወዲያው ዐይኑ ሸራው ጠርዝ ላይ ዐረፈ። «ማነው የፈታቸው? በእጅጌው የጠቀለልኩት ከተራራው ጫፍ ነው፤ በአንገትጌው ያለው ከሸለቆው፤ በኪሱ ያለው ከገደሉ ሥር። ማዕድኑ ከነዚህ በአንዱ አለ፤ የቱ ከየት እንደመጣ አሁን በምን ልለየው?»

«እኔ ነኝ» አለች አስካለማርያም።

በዛብህ ለእሱ በተተከለው ድንኳን ገብቶ ከለቀስተኞቹ መካከል ተቀመጠ። ባሻ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይበሉ ወይስ «እግዜር ያጽናህ»፣ ግራ ገባቸው።

ያ ማዕድን ከዓመታት በኋላ እንደገና ተገኘ፤ ያገኙትም ሌሎች ናቸው ተባለ። የዘመኑ ጸሐፊዎች መንግሥታት የተለወጡበትን ቀን በጥንቃቄ መዘገቡ፤ በዛብህን ግን ያነሣው የለም። አስካለማርያምም ባሏ የተመለሰላትን ያን ቀን በደስታ ታስበው ወይስ በሐዘን፣ ዕድሜዋን ሙሉ አልለየላትም።