በአቡጀዲ ላይ ያረፈ ብርሃን

የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሹም የነበሩት አቶ ገብረጻድቅ፣ ፊልም አንሺዎች ለሁለት ሳምንት በጣቢያው እንዲሠሩ የፈቀዱት ከበላይ ትእዛዝ ስለ ደረሳቸው እንጂ ወደው አልነበረም። ዘመኑ የ1950ዎቹ መገባደጃ ነው። ሴት ልጃቸው ወርቅውሃ ምሳቸውን ይዛ በመጣችበት ቀን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ቀረበላቸው። የመብራቱ ኃላፊ፣ ፈረንጁ ሙሴ ስቴፋን፣ ቁመቷ ከተዋናይዋ ጋር እኩል መሆኑን አይተው፣ መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ በተዋናይዋ ቦታ እንድትቀመጥላቸው ለመኑ።

«ፎቶግራፏ ይነሣል?» ሲሉ አባቷ ጠየቁ።

«አይነሣም። ተዋናይዋ ስትመጣ ልጅዎ ትነሣና ትሄዳለች።»

«እንግዲያው ትቀመጥ።»

ወርቅውሃም በትኬት መስኮቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ቆሞ ፓውዛውን፣ ያን ብርቱ የፊልም መብራት፣ የሚያስተካክለው ወጣት ዱጉማ ይባላል። በአቃቂ ዙሪያ ካሉት የገበሬ መንደሮች በአንዱ የተወለደ፣ የጥጥ ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን፣ ፋብሪካው ለፊልሙ ሥራ አውሶት ነበር።

ሥራው የሰውን ፊት አተኩሮ ማየትን ይጠይቃል። ዱጉማ ግን ቀና ብሎ ባያት ቁጥር መልሶ ያቀረቅር ነበር።

«መብራቱ የሚፈለገው ፊቴ ላይ ነው ወይስ ጫማዎ ላይ?» አለችው።

«ፊትዎ ላይ።»

«ታዲያ ከጫማዎ ምን ይፈልጋሉ?»

«ድፍረት።»

ፈገግ አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ከፓውዛው ኃይል የተነሣ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። በሰው ፊት ማማረርን አልለመደችምና ዝም አለች። ዱጉማ ግን አየ። ማንንም ሳያስፈቅድ ፓውዛውን ከፊቷ አዞረ፤ ገመዱን ጠቅልሎ ያመጣበትን ነጭ አቡጀዲ በግድግዳው ላይ ወጥሮ ብርሃኑን በጨርቁ ላይ ጣለው። ከጨርቁ የተመለሰው ብርሃን ለስልሶ በግንባሯና በጉንጯ ላይ ዐረፈ፤ የጠይም ፊቷ ውበት ያለ አንዳች ጥላ ወለል ብሎ ታየ። በዚህ ጊዜ ዱጉማ ማቀርቀሩን ረሳ።

ሙሴ ስቴፋን ተመልሰው ፓውዛውን ማን እንዳዞረው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ። ዓይኗን አመማት» አለ ዱጉማ፣ ቁጣቸውን እየጠበቀ።

ኃላፊው በካሜራው አጮልቀው አዩ። በመጨረሻም «እንዳትነካው» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋናይዋ የተነሣችው በዚያ ብርሃን ነው። ወርቅውሃም በየቀኑ ምሳ ታመጣለች፤ በየቀኑም ትቀመጣለች። ሳይታወቃቸው «እርስዎ» መባባሉ ቀረ።

ሥራው ሲያልቅ ሙሴ ስቴፋን ዱጉማን ረዳታቸው አድርገው ወደ ድሬዳዋ ሊወስዱት፣ ሙያውንም ሊያስተምሩት ጠየቁት። ፊልም ሲኖር ይከፈለዋል፤ ሳይኖር ግን ምንም የለውም። ዱጉማ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወርቅውሃን ከዕቃ ቤቱ ጥግ አገኛት።

«ፋብሪካውን ከለቀቅሁ አባትሽ አይሰጡኝም።»

«ካልለቀቅህስ?»

«ማሽን እየጠገንሁ፣ በየሰዉ ፊት ላይ ያለው ብርሃን ከየት እንደ መጣ ሳስብ እኖራለሁ።»

ወርቅውሃ ወደ ሐዲዱ ዞረች።

«እኔ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚቆጨው ባል አልፈልግም» አለችው። «ልቀቅ። ሽማግሌም ላክ።»

ለቀቀ፤ ሽማግሌም ላከ። አጎቱ ኦቦ ኦልጅራ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከአቶ ገብረጻድቅ ቤት ገቡ። እንደ ደንቡ፣ የልጅቱ አባት እሺታቸውን እስኪገልጹ ድረስ ሽማግሌ አይቀመጥምና ጉዳያቸውን ቆመው ተናገሩ።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

ኦቦ ኦልጅራ ለወንድማቸው ልጅ አዝነው፣ «የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቋሚ» ሲሉ መለሱ።

«ኦቦ ኦልጅራ፣ የፋብሪካው ጥጥ የሚራገፈው በእኔ ጣቢያ ነው። ልጁ ሥራውን መልቀቁን ከሰማሁ ሰነበትሁ። ድህነት አያስቀይመኝም። በቤቴ ቆሞ የሚዋሽ ሽማግሌ ግን አላስተናግድም።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ።

በማግስቱ ዱጉማ ራሱ ወደ ጣቢያው ሄደ። ልጅ የጠየቀ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ በልጅቱ አባት ፊት መቆሙ ነውር መሆኑን አልሳተም።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ጌታዬ። አጎቴ የዋሹት ለእኔ አዝነው ነው። ፋብሪካውን ለቅቄአለሁ። ሥራዬ ለፊልም መብራት ማስተካከል ነው፤ ቋሚ ደመወዝ የለውም።»

«ይህን ልትነግረኝ መጣህ? እንዳንተ ያለ ራሱን የሚያሳጣ አማላጅ አይቼ አላውቅም።»

አቶ ገብረጻድቅ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«አጎትህን መልሰህ ላካቸው። ይህንኑ እርሳቸው ይንገሩኝ።»

እሑድ ኦቦ ኦልጅራ በዚያው ቤት እንደገና ቆሙ። «ልጃችን ቋሚ ሥራ የለውም» ሲሉ ጀመሩ። «መብራት ያዞራል። ለምን እንደሚያዞረው በእውነቱ አልገባኝም። ለጨዋነቱ ግን እኔ ዋስ ነኝ።»

አባት ልጃቸውን ጠሩ። «ወርቅውሃ፣ ቋሚ ሥራውን ጥሎ የወጣ ሰው ነው ይላሉ። ሰምተሻል?»

«ልቀቅ ያልሁት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አባቷ ወደ እርሷ ዞሩ።

«አንቺ?»

«አዎን። ፓውዛው ዓይኔን ሲያመኝ፣ ሳልናገር አይቶ አዞረልኝ። ሙያው የተጀመረው እንደዚያ ነው። ያን ሙያ አስጥዬ ላገባው አልፈልግም።»

አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ወለወሉ። መልሰው ካደረጉ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ታዲያ ምን አቆማችሁ?» አሉ።

ዱጉማ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሐዲዱ ማዶ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ወርቅውሃ ሐዲዱን ተሻግራ መጣች።

«ተቀምጠዋል» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት።

«ለምኑ?»

ምስጋናው ብዙ ነበርና ከየቱ እንደሚጀምር አጣ። ተጋብተው ወደ ድሬዳዋ አብረው ሄዱ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዱጉማ በሙሴ ስቴፋን ቦታ የመብራት ኃላፊ ሆነ። ሥራ በጠፋባቸው ወራት እንኳ ወርቅውሃ የፋብሪካውን ስም አንሥታበት አታውቅም። እርሱም ያን «ለምኑ?» የሚለውን ጥያቄዋን፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ ጥቂት በጥቂት ሲመልስላት ኖረ።