ሁለቱን ዓሦች የጨመረው ሰው

ቡዳ፣ ጥላ ወጊ፣ ምናምን ሲባል ትቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ አሁንም አምናለሁ አልላችሁም፣ የምላችሁ ተናድጃለሁ ነው፣ የምናደድበትን ሰው ግን አጣሁት።

ቃሊቲ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የዓሦቼን ማኖሪያ፣ አኳሪየሙን፣ መስታወት አስቆርጬ በሲሊኮን ያጣበቅሁት ራሴ ነኝ፣ ከስልኬ ላይ እያየሁ፣ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ነበሩኝ፣ ትልቁ አራት ዓመቱ ነው፣ ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ መጥቶ አፉን ይለጥፍ ነበር። አንድ ሕግ አለኝ፣ አዲስ ዓሣ ሦስት ሳምንት ባልዲ ውስጥ ለብቻው ሳይቆይ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም።

ማክሰኞ ማታ ከቂሊንጦ፣ ከፋብሪካ ስመለስ ስምንት ሆነው ጠበቁኝ። ሁለት ጥቋቁር ዓሦች፣ ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፣ በሽታ መሆኑን ሳየው አወቅሁ። ወዲያው ወደ ባልዲ አወጣኋቸው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ደብረ ዘይት እህቷ ጋ ሄዳለች፣ ስልኳም አይሠራም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በዓሦቼ የሚቀልደው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ላይ ሄጄ ጮህኩ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዓሣ ብገዛ ጠብሼ እበላዋለሁ እንጂ አንተ ቤት ምን ይሠራልኛል!» አለኝ።

ሐሙስ በእኔዎቹም ላይ ያ ጨው የሚመስል ነጭ ነገር ወጣባቸው። ጨው መዝኜ ጨመርኩ፣ ውሃ ቀየርኩ፣ ግን እመኑኝ፣ ገና ስጠጋ ሁሉም ወደ ጥግ እየሸሹ ከመስታወቱ ጋር ይላተማሉ፣ ጧ፣ ጧ፣ ድምፁ ከውጭ ይሰማል። በሽታው ነው አልኩ። ቅዳሜ ትልቁ ሞተ፣ እናቴም ተመለሰች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ትልቁን እጄ ላይ አየችው።

«ውይ! ያመጣሃቸው ዓሦች አልተስማሙትም?»

«ማን አመጣ?»

«አንተ ነሃ! ማክሰኞ በምሳ ሰዓት በላስቲክ ይዘህ፣ ሰማያዊ ሹራብህን ለብሰህ።»

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ፋብሪካ ነበርኩ፣ ስገባም ስወጣም አሻራዬን ሰጥቻለሁ፣ ሰማያዊ ሹራቤም እዚያው የልብስ ሎከሬ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ይህን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኳት፣ በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«የዚያን ቀን ግን እንዴት ደስ ብሎህ ነበር፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እስክሄድ ድረስ ቁጭ ብለህ ስታስቀኝ ነበር፣ ምነው አሁን?»

እኔ እናቴን አስቄያት አላውቅም።

ከስድስቱ የእኔዎቹ አራቱ ሞቱ፣ የቀሩት ሁለቱ ዛሬም ከእኔ እየሸሹ ነው። የበሩን ቁልፍ ቀየርኩ፣ ጠዋት ስወጣ እናቴን «ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ» አልኳት።

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔም ብሆን።»

«ሂድ ወደዚያ፣ ልጄን ደጅ አላስቆምም» አለችኝ።