የተራበ መዥገር ቆዳ አይቀይርም

የቤተ ሙከራው ኃላፊ የመዥገሮቹ ክፍል ወለል ላይ፣ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ ብዙም አልደከመም። ግራ አንጓዋ ላይ ንክሻ አለ፤ ጉሮሮዋም አብጧል። አለርጂ ስላለባት የመዥገር ንክሻ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ሁሉም ያውቃል። ለዚህ የሚሆነው፣ እንደ ብዕር ያለው መርፌዋም ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። ያን ቀን ጠዋት ግን መርፌው ካፖርቱ ከሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ሥር፣ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ሁሉም «አደጋ ነው» ብሎ ጨርሷል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ያልላመ ነገር አታሳልፍም። የሟቿን እጅ ቀስ ብላ ከኪሱ ስታወጣ ጣቶቿ ወፍራም ማርከር ጨብጠዋል።

«እማማ፣ ይሄ የእሷ ነው?» አለቻቸው አስከሬኑን ያገኙትን ጽዳት ሠራተኛ።

«የለም ልጄ፣ እሷ በእርሳስ ነው የምትጽፈው። ይሄ ብልቃጦቹ ላይ የሚጻፍበት ነው።»

«መርፌውስ ሳታየው ወድቆባት ይሆን?»

«እሷ? ኪሷን መታ መታ ሳታደርግ ያን በር ከፍታ አታውቅም። ‹ሌባ አለ እንዴ?› እያልኩ እስቅባት ነበር።» ሳቃቸው ሊመጣ ሲል እንባቸው ቀደመ።

ወንፊት ማርከሩን ከመርፌው ጎን አስቀመጠችው። በርዝመትም በውፍረትም እኩል ናቸው። መርፌውን አውጥቶ ማርከሩን የተካው ሰው ሴትዮዋ ኪሷን እንደምትዳስስ እንጂ እንደማታይ ጠንቅቆ ያውቃል።

የሟቿን ምክትል ቢሮው አገኘችው።

«ምንድነው የምታጠኑት?»

«ረሃብን። መዥገር ያለ ደም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሆዱ ውስጥ ያለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያስ ምን በልቶ ይኖራል? እሷ የምትለው፣ ምግብ ሲጠፋ መራባቱን አቁሞ፣ ያለችውን እየቆጠበ ያደፍጣል፤ መዥገሩ ደም ሲያገኝ ይነቃል ነው። እነዚህን አሥራ አራት ወር አስርበናቸዋል።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እኔ ቶሎ እናሳትም አልኩ፣ እሷ አሻፈረኝ አለች። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰም ይገደላል» አለችና ተነሣች።

የመዥገሮቹ ጠባቂ የሟቿ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ከእጇ አጉርሳ ያሳደገችው፣ አስተምራ እዚህ ያስቀጠረችው እሷ ናት። ሁለት ሹራብ ደርቦ ይንቀጠቀጣል።

«ጉንፋን ነው» አላት ሳትጠይቀው።

ወንፊት «ያልተመገቡ» የሚል የተጻፈበትን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አነሣች። ሥሩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ነገሮች አሉ።

«ይሄስ?»

«ቆሻሻ ነው።»

ብልቃጡን መልሳ አስቀመጠች። የሟቿን ጓንቶች ፈተሸች፣ መሳቢያዋን ከፈተች፣ የሠራተኞቹን የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ተዋሰች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ትንሹን ጓንት የምታደርገው እሷ ብቻ ናት። የግራው ጓንት ውስጥ ሁለት መዥገሮች አግኝቻለሁ። በራሳቸው አልገቡም። መርፌውም በራሱ ማርከር አልሆነም። ይህን ሦስታችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ያልጎለመሰ መዥገር ቆዳውን መቼ ነው የሚቀይረው?»

«ደም ከጠጣ በኋላ። የተራበማ አይቀይርም።»

««ያልተመገቡ» በተባለው ብልቃጥ ውስጥ ግን የተጣለ ቆዳ ሞልቷል። ሰው አብልቷቸዋል። እዚህ ግቢ እንስሳ የለም፤ ታዲያ በማን ደም?» መዝገቡን ገለጠች። «አንድ ሰው ባለፈው ወር ሦስት ቀን ታሞ ቀረ። ሳምንት ደህና ሆኖ እንደገና ሦስት ቀን ቀረ። ዛሬም ያንቀጠቅጠዋል። ጉንፋን እንዲህ በቀጠሮ አይመላለስም፤ እነዚህ መዥገሮች የሚያስተላልፉት፣ እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት፣ ግርሻ ነው እንጂ። እጅጌህን ሰብስብ።»

የሟቿ ወንድም ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የንክሻ ጠባሳ ተደርድሯል።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!» አሉ ጽዳት ሠራተኛዋ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«የመዥገሮቹን የእርጥበት ሳጥን ውሃ መሙላት ረሳሁ» አለ ወንድሟ። «ግማሾቹ ደርቀው ሞቱ። ልፋቷ ገደል እንዳይገባ የቀሩትን በክንዴ አበላኋቸው። ትናንት ቆዳውን አየች። ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አለችኝ። የእናቴ ልጅ! አሳልፋ ልትሰጠኝ ነበር፤ ከዳችኝ!»

ምክትሉ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ስታበላቸው ስንት ወር ተርበው ነበር?»

«አሥራ ሦስት።»

«እና ግርሻ ያዘህ? እንግዲያው ባክቴሪያው አልሞተም። አድፍጦ ነበር። ልክ ነበረች እኮ! ትናንት እጅጌህን ብታሳያት ኖሮ ጥናቷ እንዳልከሸፈ ታውቅ ነበር።»

ወንፊት ከመሳቢያው ያገኘችውን ደብዳቤ አወጣች። ሟቿ ትናንት በእርሳስ የጻፈችው ነው፤ እየመረራት አነበበችው።

«ጥናቱ ይሰረዝ። የእርጥበቱን ሳጥን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። መዥገሮቹንም ያበላሁ እኔ ነኝ። ማንም ሌላ ሰው አይጠየቅ።»

ወንድሟ ወረቀቱን ተቀበላትና በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ ስሙን ፈለገ። ሲያጣው ገልብጦ ጀርባውን አየ። እዚያም የለም።